ራሳቸውን የከሰሱ መምህር

በዋርሶ ከተማ፣ በክሮኽማልና ጎዳና ቁጥር 92 በሚገኘው የዕጓለ ማውታ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ተበደልሁ ባይ ልጅ ሁሉ በዚያ ሰሌዳ ላይ የራሱንና የበደለውን ስም ያሰፍራል። ክሱን የሚሰሙት፣ ፍርዱንም የሚሰጡት እነዚያው የቤቱ ልጆች ናቸው። ከተከሳሾቹም መካከል አንድ ያልተለመደ ስም ነበረ፤ ይኸውም የቤቱ አስተዳዳሪ፣ የልጆቹም ሐኪምና አሳዳጊ የነበሩት የዶክተር ያኑሽ ኮርቻክ ስም ነው። ከሳሹም ተከሳሹም እርሳቸው ነበሩ። በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ አምስት ጊዜ ራሳቸውን ለፍርድ አቀረቡ። ከአምስቱ ክሶች አንዱ አንዲትን ልጅ በስርቆት መጠርጠራቸው ነበር።

ግብረ ገብ የሚያስተምር ሰው ሁሉ ዘወትር የሚገጥመው ችግር አለ። ስለ እውነተኛነት የሚነገረው ቃል ቀላል ነው፤ ተማሪውም ቃሉን አጥንቶ በፈተና ላይ ያለ ስሕተት ሊጽፈው ይችላል፤ ምናልባትም ከጎረቤቱ ኮርጆ ይጽፈዋል። ኮርቻክ ነገሩን የተመለከቱት ከሌላ አቅጣጫ ነው። ልጅን አትዋሽ ብሎ ከመምከር አስቀድሞ፣ ጥፋትን መናገር የማያስፈራበትን፣ ትልቁም ትንሹም በአንድ ሕግ የሚዳኝበትን ቤት መሥራት ይገባል ብለው ያምኑ ነበር። ይህን እምነታቸውን በመጻሕፍት ብቻ አልተዉትም፤ ሠላሳ ዓመት ያህል ኖረውበታል።

ኮርቻክ የብዕር ስማቸው ነው። ትክክለኛ ስማቸው ሄንሪክ ጎልድሽሚት ሲሆን፣ ዋርሶ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሥር በነበረችበት ዘመን በ1878 ወይም በ1879 ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለዱ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የልደታቸው ዓመት የሚያጠራጥረው አባታቸው ልጁን በጊዜው ባለማስመዝገባቸው ነው። አባታቸው የታወቁ የሕግ ጠበቃ ነበሩ። ነገር ግን የአእምሮ ሕመም ስለ ጸናባቸው የቤተ ሰቡ ሀብት በሕክምና አለቀ፤ በ1896ም ሞቱ። ወጣቱ ሄንሪክ ገና ተማሪ ሳሉ የሀብታም ልጆችን በየቤቱ እየዞሩ በማስጠናት እናታቸውንና እኅታቸውን መርዳት ግድ ሆነባቸው።

የተማሩበት ዘመን ለእውነተኛነት የሚመች አልነበረም። በመጀመሪያ በገቡበት ትምህርት ቤት አንድ ሕፃን በተማሪዎች ፊት ሲገረፍ አይተው የደረሰባቸው ድንጋጤ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ከልባቸው አልወጣም። ኋላም በገቡበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትምህርቱ የሚሰጠው በሩሲያኛ ነበር፤ በፖላንድ ቋንቋ መናገርም የተከለከለ ነበር። ተማሪው በቤቱ አንድ ሰው፣ በትምህርት ቤቱ ሌላ ሰው ሆኖ ያድጋል። እንዲህ ባለው ሥርዓት ውስጥ መደበቅ እንደ ብልኅነት መቈጠሩ የማይቀር ነው። ልጅ የሚዋሸው በተፈጥሮው ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን ትልቁን ሰው ስለ ፈራ ነው የሚለው ሐሳብ በኮርቻክ ዘንድ ከዚህ የልጅነት ትዝታ የበቀለ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በ1898 ለአንድ የሥነ ጽሑፍ ውድድር ባቀረቡት ድርሰት ላይ ከአንድ የታሪክ ልቦለድ ባለታሪክ የወሰዱትን ስም ጻፉ፤ ስሙም ጸንቶ ቀረ። በዚያው ዓመት በዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና መማር ጀመሩ፤ በ1905ም ተመረቁ። ወዲያው በሩሲያና በጃፓን ጦርነት ወደ ማንቹሪያ ተላኩ። ከዚያ መልስ በዋርሶ የሕፃናት ሆስፒታል እስከ 1912 ሠሩ። ሐኪምነታቸው ስም አውጥቶላቸው፣ ድርሰቶቻቸውም ተወደውላቸው ሳለ ያን ሁሉ ትተው ወደ ዕጓለ ማውታ ቤት መግባታቸው ብዙዎችን አስደነቀ። በክረምት ዕረፍት ጊዜ የድኻ ልጆችን ወደ ገጠር ይዘው እየወጡ ያሳለፏቸው ጥቂት ሳምንታት ግን ምርጫቸውን አስቀድመው ወስነውት ነበር። የታመመን ልጅ አድኖ ወደ ተራበበትና ወደ ተደበደበበት ቤት መመለስ ጎደሎ ሕክምና መስሎ ታያቸው።

አዲሱ ቤት በ1912 ተከፈተ። ወደ 100 የሚጠጉ ልጆች ነበሩበት። የዕለት ተዕለት አስተዳደሩን የያዙት በቤልጅግ አገር የተማሩት ወይዘሪት ስቴፋኒያ ቪልቺንስካ ነበሩ። ስለ ኮርቻክ የሚጻፈው ብዙ ሆኖ ስለ እኒህ ሴት የሚጻፈው ጥቂት መሆኑ ተገቢ አይደለም፤ ቤቱ ለ30 ዓመት የቆመው በሁለቱ ትከሻ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዓመት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ከጨለማና ከጠባብ ቤት ወጥተው ወደ ንጹሕና ሰፊ ሕንፃ የገቡት ልጆች ይደሰታሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ በአዲሱ ሥርዓት ላይ ዐመፁ። ደንቡን ሁሉ በኅብረት ይሰብራሉ፤ ሲጠየቁም እርስ በርሳቸው ይሸፋፈናሉ። ኮርቻክ ይህን ሽንፈታቸውን ኋላ በመጽሐፋቸው ውስጥ ሳይደብቁ ጽፈውታል። ብዙ የትምህርት ጸሐፊዎች ዘዴያቸው የሠራበትን ቀን ብቻ ሲያወሱ፣ እርሳቸው ያልሠራበትንም ቀን መዝግበዋል።

ከዚህ ሽንፈት የተማሩት በዝርዝር ነገሮች ላይ ማተኰርን ነበር። ለምሳሌ ስርቆትን እንመልከት። በብዙ ቤት ትልልቅ ሰዎች የልጅን ኪስ ገልብጠው አዝራሩን፣ ክሩን፣ ጠጠሩን፣ የተሰበረውን መጫወቻ እንደ ጉድፍ ወደ ቆሻሻ ይጥሉበታል። ለልጁ ግን ያ ሁሉ ንብረት ነው፤ ትዝታም አለበት። የራሱ ንብረት ያልተከበረለት ልጅ የሌላውን ንብረት ማክበርን ከየት ይማራል? ስለዚህ በክሮኽማልና ቤት እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መሳቢያ ተሰጠው። ወድቆ የተገኘ ዕቃ ሁሉ ምንም ያህል ጥቃቅን ቢሆን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ባለቤቱም አይቶ ይወስዳል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ያንተና የእኔ የሚለውን ልዩነት ያለ ስብከት የሚያስተምር መሣሪያ ነበር።

ከሁሉ የታወቀው ግን የልጆች ፍርድ ቤት ነው። አሠራሩ እንደሚከተለው ነበር። አምስት ዳኞች በዕጣ ይወጣሉ፤ ዕጣው ውስጥ የሚገቡት በዚያ ሳምንት ክስ ያልቀረበባቸው ልጆች ብቻ ናቸው። አንድ አሳዳጊ ጸሐፊ ሆኖ የሁለቱን ወገን ቃል ይመዘግባል፤ በፍርዱ ላይ ግን ድምፅ የለውም። ከባድ ጉዳይ ሲያጋጥም ለሦስት ወር በምስጢር ድምፅ የሚመረጡ ሁለት ዳኞችና አንድ አሳዳጊ ያሉበት ሸንጎ ይመለከተዋል። የተሰጠውም ፍርድ በጽሑፍ ሰፍሮ በሁሉ ፊት ይነበባል።

ሕጉን የጻፉት ኮርቻክ ናቸው። የሕጉ አቀማመጥ ለተለመደው የትምህርት ቤት ቅጣት እንግዳ ነበር። ከአንቀጽ 1 እስከ 99 ያሉት ሁሉ ነጻ የሚያወጡ ወይም ምሕረት የሚያደርጉ ናቸው። ባለማወቅ የሠራ አሁን ያውቃል፤ በሌላ ሰው ተገፋፍቶ የሠራ ሌላ ጊዜ ይጠነቀቃል፤ የተጸጸተም ይቅር ሊባል ይገባዋል የሚል መንፈስ ነበራቸው። ይሁን እንጂ ሕጉ ልል አልነበረም። ጉልበተኛው ደካማውን እንዳያጠቃ፣ ሰነፉም ትጉሁን እንዳያውክ የመጠበቅ ግዴታ በዳኞቹ ላይ ተጥሎ ነበር። ፍርዱ ከአንቀጽ 100 አንሥቶ በየመቶው እየከበደ ይሄዳል። በ100 አጥፊው የተባለውን ማድረጉ ብቻ ይነገራል። በ200 መሳሳቱ ይነገራል፤ በ500 ስሙ በቤቱ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ በ700 ለቤተ ሰቡ ይጻፍለታል። በ900 የተፈረደበት ልጅ ዋስ መፈለግ አለበት፤ ለእርሱ ጠባይ ኀላፊነት የሚወስድ አንድ ባልንጀራ ካገኘ በቤቱ ይቈያል። በአንቀጽ 1000 ከቤቱ ይሰናበታል፤ እርሱም ቢሆን ከሦስት ወር በኋላ ልመለስ ብሎ ለማመልከት መብት አለው። ዱላ፣ ርሃብ፣ ጨለማ ቤት በሕጉ ውስጥ አንድ ቦታ እንኳ አይገኙም።

እንዲህ ያለው ሥርዓት ሲነገር ያማረ፣ ሲሠራበት ግን የከበደ ነው። ልጆቹ ፍርድ ቤቱን መናቅ የጀመሩበት ጊዜ ነበር። ምሕረት ብቻ ከሆነ ምን ያስፈራል አሉ፤ በጥቃቅኑ ሁሉ እየተካሰሱ ዳኞቹን አሰለቹ፤ ከዳኞቹም አንዳንዶቹ ለወዳጅ አደሉ። ሌላ አስተዳዳሪ ቢሆን ልጅ ዳኝነት አይገባውም ብሎ አለንጋውን ይመልስ ነበር። ኮርቻክ ፍርድ ቤቱን ለጥቂት ሳምንታት ዘጉት፤ ጉድለቱን መረመሩ፤ ከዚያም ሕጉን አሻሽለው መልሰው ከፈቱት። ከተጨመሩት ማሻሻያዎች አንዱ ልጆች ትልልቅ ሰዎችን፣ አሳዳጊዎቻቸውንም ጭምር፣ ለመክሰስ መብት እንዲኖራቸው የሚፈቅድ ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው ከተማሪው ጠባይ ወደ መምህሩ ጠባይ ዞረ።

ከላይ የተጠቀሱት አምስት ክሶች የሚገቡት በዚህ ነው። አንድ ጊዜ አንድን ልጅ ጆሮውን ስለ መቱት፣ አንድ ጊዜ ሌላውን ከመኝታ ክፍል ስላስወጡት፣ አንድ ጊዜ አንዱን ማዕዘን ላይ ስላቆሙት፣ አንድ ጊዜ ዳኛ ስለ ሰደቡ፣ አንድ ጊዜም ከላይ እንደ ተባለው አንዲትን ልጅ በስርቆት ስለ ጠረጠሩ ራሳቸውን ከሰሱ። ዶክተሩ የዋሕ መልአክ አልነበሩም፤ ቍጡ ነበሩ፤ እጃቸውም ይሰነዘር ነበር። ልዩ የሚያደርጋቸው አለመሳሳታቸው ሳይሆን ስሕተታቸውን ከልጆች ስሕተት ጎን በአንድ ሰሌዳ ላይ ማስፈራቸው ነው። በአምስቱም ጉዳዮች ዳኞቹ ከምሕረቱ ክፍል ባሉ አንቀጾች ፈረዱላቸው። የጥርጣሬው ክስ ግን ከሌሎቹ የበለጠ የሚያሳስብ ነው። ዱላ ሰውነትን ያቆስላል፤ በማስረጃ ያልተደገፈ የመምህር ጥርጣሬ ግን የልጅን ስም ያቆስላል። ንጹሕ ልጅ አንድ ጊዜ ሌባ ወይም ኰራጅ ከተባለ ንጽሕናው ምን ጠቀመው? በኩረጃ ጊዜ ሁለት ተመሳሳይ ወረቀት አይቶ ሁለቱንም ዜሮ የሰጠ መምህር ይህን ያውቀዋል።

ኮርቻክ እነዚህን ጥቂት ክሶች የራሳቸው ትምህርት መሠረት አድርገው ቈጥረዋቸዋል። ከዚያ ወዲያ ልጆችን የማይበድሉት ስለሚወዷቸው ብቻ ሳይሆን፣ ልጆቹን ከአሳዳጊያቸው የዘፈቀደ ሥልጣን የሚጠብቅ ሕግ በመኖሩ መሆኑን ጽፈዋል። ፍቅር ይለዋወጣል፤ ደግ አስተማሪም የሚያዝንበትና የሚቈጣበት ቀን አለው። ሕግ ግን ሰሌዳው ላይ እንደ ተሰቀለ ይኖራል።

ከፍርድ ቤቱ ሌላ ብዙም ያልተወራለት፣ ግን ለርእሰ ነገሩ ይበልጥ የሚቀርብ አንድ ልማድ ነበር፤ ይኸውም ውርርድ ነው። አንድ ልጅ ጠባዩን ለማሻሻል ሲፈልግ ወደ ዶክተሩ ሄዶ ይወራረዳል፤ በሚመጣው ሳምንት ከዚህን ያህል ጊዜ በላይ አልዋሽም፣ ወይም አልደባደብም፣ ወይም አልሳደብም ይላል። አንዴም አልዋሽም የሚል ልጅ ቢመጣ ዶክተሩ ቍጥሩን ከፍ እንዲያደርግ ይከራከሩታል፤ የማይፈጸም ተስፋ ራሱ ውሸት እንደሚሆን ያውቃሉና። በሳምንቱ መጨረሻ ልጁ መጥቶ ማሸነፉን ወይም መሸነፉን ይናገራል፤ ካሸነፈ ከረሜላ ያገኛል። ማንም አይመረምረውም፤ ምስክርም አይጠራበትም፤ ቃሉ ብቻ ይበቃል። ዋሽቶ ከረሜላ መብላት የሚከለክለው ነገር አልነበረም። ከረሜላው ተራ ነገር ነው፤ ልጁ የሚሸከመው ግን የታመነበትን ቃሉን ነበር። አንድ ሰው ሳይመረመር ሲታመን ምን እንደሚሰማው ያልቀመሰ ልጅ፣ ታማኝነትን ከመጽሐፍ ቢያነብ ትርጕሙ ሊገባው አይችልም።

በ1914 የተነሣው ጦርነት ኮርቻክን እንደገና ለሩሲያ ሠራዊት ሐኪም አድርጎ ወሰዳቸው። ልጅን እንዴት መውደድ እንደሚገባ የሚገልጸውን ታላቁን መጽሐፋቸውን በጦር ግንባር ጀመሩት። ፖላንድ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ በ1919 ከማሪያ ፋልስካ ጋር ቤታችን የተባለውን ሁለተኛ የሕፃናት ማሳደጊያ ለፖላንዳውያን ልጆች አቋቋሙ። በ1926 በልጆች የሚዘጋጅ ጋዜጣ በአንድ የዋርሶ ዕለታዊ ጋዜጣ ውስጥ በየሳምንቱ ዓርብ እንዲወጣ አደረጉ። በወጣት አጥፊዎች ፍርድ ቤትም በሙያ ምስክርነት ያገለግሉ ነበር። በክሮኽማልና ቤት ውስጥ መኖሪያና ምግብ እያገኙ በምትኩ በሥራ የሚረዱ ወጣት ተማሪዎች ነበሩ። እነዚህ ወጣቶች ከልጆቹ ጋር ያጋጠማቸውን በየዕለቱ በደብተር ይጽፋሉ፤ ዶክተሩም እያነበቡ አስተያየታቸውን ከዳር ያሰፍራሉ።

በ1930ዎቹ ዓመታት በፖላንድ ሬዲዮ የሚያሰሙት ንግግር በአገሩ ሁሉ ተወደደ። የአይሁድ ጥላቻ እየበረታ በመሄዱ ግን በስማቸው እንዲናገሩ አልተፈቀደላቸውም። አድማጩ የሚያውቃቸው ሽማግሌው ዶክተር በሚል ስም ብቻ ነበር። ለልጆች ስለ እውነት የሚናገሩ ሰው ማንነታቸውን እንዲሰውሩ ተገደዱ፤ በ1936ም ዝግጅቱ ተቋረጠ።

ጀርመኖች ዋርሶን በ1939 ከያዙ በኋላ አይሁድ ሁሉ በክንዳቸው ላይ ምልክት እንዲያስሩ ታዘዘ። ልጆችን ለሕግ መገዛትን ያስተማሩት ሰው ይህን ትእዛዝ አልፈጸሙም። በ1940 መጨረሻ የዕጓለ ማውታው ቤት ወደ ታጠረው የአይሁድ ሰፈር እንዲዛወር ሲደረግ፣ ለልጆቹ ድንች የጫነ ጋሪ ተወረሰባቸው። ይመለስልን ብለው ለጀርመን ባለሥልጣን አቤት ለማለት ያለ ምልክት ሄዱ፤ ተደብድበውም ታሰሩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በገንዘብ ዋስትና ሲለቀቁ ጤናቸው ተጐድቶ ነበር።

በዚያ አጥር ውስጥ የሐቀኝነት ትምህርት የመጨረሻ ፈተናው ገጠመው። በሕግ የተፈቀደው ምግብ ነፍስን የሚያቆይ አልነበረም፤ ብዙ ሕፃናት በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው በሚያመጡት ኮንትሮባንድ ቤተ ሰባቸውን ይመግቡ ነበር። እነዚህን ሕፃናት ሌቦች ማለት የሚቻለው ማን ነው? ኮርቻክ ራሳቸው በየቀኑ ጆንያ ተሸክመው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ለልጆቹ ይለምኑ ነበር። እውነተኛው ስርቆት የነበረው ሌላ ቦታ ነው። በጂየልና ጎዳና ቁጥር 39 በሚገኘው፣ ወደ 1000 የሚጠጉ ሕፃናት በታጐሩበት መጠለያ፣ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ የሕፃናቱን ምግብ ይዘርፉ ስለ ነበር ልጆቹ በየቀኑ ይሞቱ ነበር። በ1942 መጀመሪያ ኮርቻክ በዚያ መጠለያ ለመሥራት ማመልከቻ ጻፉ። ማመልከቻ ሰው ምስጋናውን የሚዘረዝርበት ጽሑፍ ሆኖ ሳለ፣ እርሳቸው ጕድለቶቻቸውን ጭምር ዘርዝረው አቀረቡ። ሥራውን አገኙ፤ ሌቦቹን ግን ማሸነፍ አልቻሉም። የቀድሞ ረዳታቸው ኢጎር ኔቬርሊ በሐሰት ወረቀት ከአጥሩ ሊያወጧቸው ሲመጡም ልጆቹን ትቶ መውጣት የማይታሰብ ነው ብለው መለሱላቸው።

የአይሁድ ሰፈር ነዋሪዎችን ወደ ሞት ካምፕ ማጋዝ የተጀመረው በጁላይ 22 ቀን 1942 ነው። በኦገስት 5 ወይም 6 ቀን ኮርቻክ፣ ስቴፋኒያ ቪልቺንስካና ሌሎች ሠራተኞች ከ200 ገደማ ልጆች ጋር በሰልፍ ወደ ባቡሩ ሄዱ፤ በትሬብሊንካም ተገደሉ። ስለዚያ ሰልፍ ብዙ ተጽፏል። ባንዲራ ተይዞ ነበር የሚሉ አሉ፤ አንድ የጀርመን መኰንን በመጨረሻዋ ሰዓት ነጻ ልልቀቅዎ ብሎ ነበር የሚሉም አሉ። የምስክሮቹ ቃል ግን አይስማማም። ስለ እውነት ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው አሟሟት ባልተረጋገጠ ጌጥ ሊዋብ አይገባውም፤ የተረጋገጠው ይበቃል። በትሬብሊንካ መታሰቢያ ላይ በቆሙት 17000 ያህል ድንጋዮች መካከል የአንድ ሰው ስም የተጻፈበት አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም ያኑሽ ኮርቻክና ልጆቹ ይላል።

በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የጻፉት የዕለት ማስታወሻ ተርፎ በኔቬርሊ እጅ ገባ፤ በ1958ም ታተመ። የመጨረሻው ገጽ ከመወሰዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ የተጻፈ ነው። ያን ዕለት ጠዋት በመስኮት አጠገብ አበባ ሲያጠጡ፣ ከታች በመንገዱ ላይ አንድ የጀርመን ወታደር ጠመንጃውን ይዞ ቆሞ ያያቸው ነበር። ኮርቻክ ስለ ወታደሩ ማሰብ ጀመሩ። ከጦርነቱ በፊት ምን ይሠራ ነበር? ምናልባት የገጠር መምህር ነበር ይሆን? በራሳቸው ነቅነቅ ቢሉለት፣ ወይም እጃቸውን ቢያውለበልቡለት ምን ያደርግ ይሆን? ምናልባትም ከሩቅ አገር ትናንት ገና የመጣ፣ የሚሆነውን ሁሉ የማያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል ብለው ጻፉ።